ታሪክን ለሕፃናት ስለ ማስተማር፤ የድሬዳዋ ከተማ እንደ ምሳሌ

ታሪክን ለሕፃናት ማስተማር ከትምህርት ሥራ ሁሉ ቀላሉ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሒሳብ ማወቁ ይመረመራል፤ ቋንቋ የሚያስተምርም ሰዋስው ማወቁ ይጠየቃል። ታሪክን ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ሊያስተምረው እንደሚችል ተደርጎ ይገመታል። ከዚህ የተነሣ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ባብዛኛው የመገልበጥ ክፍለ ጊዜ ሆኖ ኖሯል። መምህሩ የነገሥታቱን ስምና ዘመን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል፤ በፈተና ቀን መልሰው ይጽፉታል፤ ከዚያ በኋላ ይረሱታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ልጅ ከነገሥታት ተራ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ነገር «ይህን በምን እናውቃለን?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይህንንም መጠየቅ ደኅና አድርጎ የሚለምደው በየቀኑ በሚረግጠው መሬትና ከቤቱ ሰዎች አፍ በሚሰማው ወሬ ላይ ነው።

ድሬዳዋን ለምሳሌ መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዪቱ ከተቆረቆረች ከመቶ ሃያ ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ስለዚህ አመሠራረቷን ያዩ ሰዎች በሕይወት ባይኖሩም ካዩት አፍ የሰሙት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በየሰፈሩ ይገኙ ነበር። ደግሞም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ ልጆች በየቋንቋቸው የሚማሩባት ከተማ ስለ ሆነች፣ በሌላ ስፍራ ተሸፍኖ የሚቀረው ጥያቄ በእርሷ ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም በትምህርት ቤት የሚነገረው የማን ታሪክ ነው የሚለው ነው።

አስቀድመን ነገሩ በአገራችን እንዴት ሲሠራበት እንደ ኖረ እንመልከት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ የበረታውም ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ታሪክ የሚባል ለብቻው የቆመ የሕፃናት ትምህርት አልነበረም። ታሪከ ነገሥት የሊቃውንትና የቤተ መንግሥት ንባብ ነበረ፤ ልጁ ያለፈውን ዘመን የሚያገኘው ስንክሳርና ገድል ሲነበብ በመስማት ነው። በቁርኣን ቤትም የነቢዩንና የባልደረቦቻቸውን ሕይወት ከመምህሩ አፍ ይሰማል እንጂ ታሪክ ብሎ ለብቻው አይማርም።

ይሁን እንጂ ለሕፃን ተብሎ የተሰናዳ ታሪክ ጨርሶ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በቤት ውስጥ ነበረ። የሶማሌ ልጅ አፉን ፈትቶ ብዙ ሳይቆይ አብትርሲ ይማራል፤ ከራሱ ተነሥቶ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። ኦሮሞውም አማራውም በየወጉ ለልጁ ትውልድ ያስቆጥራል። ይህ ቆጠራ ለጌጥ የተያዘ አይደለም፤ ሰው ከማን ጋር ዘመድ እንደ ሆነ፣ ማንን ማግባት እንደማይገባው፣ ደም ቢፈስ ከእነማን ጋር ካሳ እንደሚያዋጣ የሚያውቀው እንደየአገሩ ወግ በዚሁ ነው። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን የቆጠራው አቅጣጫ ነው። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ከጥንት ተነሥቶ ወደ ዛሬ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዛሬ ሳይደርስ ዓመቱ ያልቃል። የቤቱ ታሪክ ግን ከልጁ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ጥንት ይወጣል። ያልተማሩ የምንላቸው እናቶችና አባቶች በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን መምህራን የተሻለ ዘዴ ይዘው ኖረዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህ የቤት ዘዴ ከበሩ ውጭ ቀረ። በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋና ዓላማው ለመንግሥት ሥራ የሚበቁ የውጭ ቋንቋ ዐዋቂዎችን ማፍራት ነበረ። በድሬዳዋም የምድር ባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳዊ ስለ ነበረ ፈረንሳይኛ ለብዙ ዘመን የእንጀራ ቋንቋ ሆኖ ቆየ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲደራጁ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ያዘጋጇቸው የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ለተማሪዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። በአማርኛ በቅደም ተከተል የተጻፈ የአገር ታሪክ ለትምህርት ቤት ማበርከታቸው ምን ጊዜም የማይረሳ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ለበሰሉ አንባብያን የተዘጋጁ ናቸው። በታች ክፍል ያለው መምህር እያሳጠረ ለልጆቹ ሊያቀርባቸው ይገደዳል፤ ሲያሳጥርም አስቀድሞ የሚጥለው ምክንያቱን ነው፤ በእጁ የሚቀረው ስሙና ዓመቱ ብቻ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ነገሥታቱ ከመጽሐፉ መካከል ወርደው የመደብ ትግል ወደ ስፍራቸው ወጣ። የአስተማመሩ ዘዴ ግን ብዙም አልተለወጠም፤ ከልጁ የሚጠበቀው ያው መገልበጥ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ፣ ታሪክ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ደግሞ በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ተጠቃሎ እንዲሰጥ ሆነ። በዚህ አደረጃጀት ታሪክ ተዳከመ ብለው ያዘኑ አሉ። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ታሪክ ከአካባቢ ጋር መጣመሩ ለሕፃን ልጅ እጅግ የሚስማማ ነበር፤ የሚያሳዝነው መልካሙ በር ተከፍቶ ሳለ የገባበት መምህር ጥቂት መሆኑ ነው።

የውጭ አገር ሰዎችም ስለዚህ ነገር ተከራክረዋል። ኮሜኒየስ የተባለው የሞራቪያ መምህር እ.ኤ.አ. በ1658 ለልጆች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ትምህርት ከሚታይና ከሚዳሰስ ነገር መጀመር እንዳለበት አሳይቷል። ሩሶ በ1762 ባሳተመው መጽሐፉ ሕፃን የሰዎችን ግንኙነት ገና ስለማያስተውል ታሪክ ለእርሱ ባዶ ቃል ነው ብሎ ተከራከረ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የሩስያው ደራሲ ቶልስቶይ ነው። እርሱ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በርስቱ ላይ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር፣ የጥንቱን ታሪክ ልጆቹ ሳይወዱት ቀሩ፤ ናፖሊዮን በ1812 አገራቸውን የወረረበትን ዘመን በነገራቸው ማታ ግን በጩኸትና በደስታ ተቀበሉት። ያ ጦርነት ከሃምሳ ዓመት የራቀ አልነበረም፤ የአያቶቻቸው ዘመን ነበር። ከዚህም ተነሥቶ ቶልስቶይ ታሪክ ከጥንት ይጀመር የሚለውን ልማድ ተጠራጠረ።

የሕፃን ልጅ ዋና ችግር ዘመንን መለካት ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ መቶ ዓመትም ሺህ ዓመትም ሁለቱም «ድሮ» ናቸው። በድሬዳዋ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በትምህርት ቤት የሚማረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በሙስሊም ቤት የሂጅራ ዘመን ይቆጠራል፤ ባቡሩን በሚመለከቱ የቆዩ ጽሑፎች ላይ የሚያየው የአውሮፓውን ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው ሲባልና በ1902 ነው ሲባል፣ ልጁ ባቡሩ ሁለት ጊዜ የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ችግር በቃል ማብራራት ብዙ አይጠቅምም። አንድ መምህር ገመድ ይዞ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ቢመድብ፣ የልጁ ዕድሜ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ የአያቱ ዕድሜ ከክንድ ጥቂት ይረዝማል፤ ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ወዲህ ያለው ዘመን ከአንድ ሜትር ከሃያ ጥቂት ያልፋል። ይህ ሁሉ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ይችላል። አሁን ስለ ዋሻው መናገር ይቻላል።

ከከተማው በስተ ደቡብ ብዙ ሳይርቅ ተመራማሪዎች በፈረንሳይኛ ፖርክ ኤፒክ፣ ማለት ጃርት፣ የሚሉት ዋሻ አለ። ቴያር ደ ሻርደን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅና ጓደኛው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1920ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር አገኙት፤ በ1933 ቁፋሮ ተደረገበት፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ተመረመረ። ከተገኙት ነገሮች መካከል ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁጥሩ ከ4,000 የሚበልጥ የቀይና የቢጫ አፈር ድንጋይ ይገኛል፤ ሰዎች እየፈጩ ለቀለም ይጠቀሙበት የነበረ ሲሆን ዘመኑ ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። በገመዱ ልክ ይህ 400 ሜትር ነው። ልጆቹ ገመዱን ይዘው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ከግቢውም በር አልፈው መንገድ ላይ ይደርሳሉ። ራቅ ብሎ በለጋ ኦዳ ደግሞ በዐለት ላይ የተሣሉ የከብትና የሰው ሥዕሎች አሉ። በፈጨው ቀለም የቀባውን ሰው ስም ማንም አያውቀውም፤ በድሬዳዋ ምድር ላይ ግን ከእኛ ከሁላችን በፊት ነበረ። ይህን የተማረ ልጅ «የመጀመሪያው ሰፋሪ የእኛ ወገን ነው» የሚለውን ክርክር ሲሰማ ገመዱን ማስታወሱ አይቀርም።

ወደ ባቡሩ እንመለስ፤ ለድሬዳዋ ልጅ ከእርሱ የሚቀርብ የታሪክ በር የለምና። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከዛሬዋ ድሬዳዋ ሜዳ ደረሰ። ከተማዪቱም አዲስ ሐረር እንድትባል ታስቦ ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘም። ለምን ሐረር አልደረሰም? ይህን ጥያቄ መምህሩ ፈጥኖ ሊመልሰው አይገባም፤ ልጆቹ ራሳቸው ሊመልሱት ይችላሉና። ወደ ሐረር በመኪና የሄደ ልጅ ሁሉ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ያውቀዋል፤ ሲወጣ ጆሮው እንደሚደፈን፣ ብርዱም እንደሚለወጥ ያስታውሳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። አንድ ልጅ ይህን በራሱ አፍ ከተናገረ የታሪክን ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ ማለት ነው፤ የተናገረውንም አይረሳውም።

የቀጠለው ነገር ለሕፃን ይከብዳል። ኩባንያው ገንዘብ አጣ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣልያን ስለ ሐዲዱ ተፎካከሩ፤ አዲስ ውል በ1900 ዓ.ም. ተዋዋሉ፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁሉ ለልጁ የሚበቃው ባቡሩ በድሬዳዋ ለዓመታት ቆሞ መቅረቱና ዕቃው ከዚህ ጀምሮ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ወደ መሐል አገር ይጓዝ እንደ ነበር ማወቁ ነው። ከተማዪቱ ያደገችው በዚህ መቆም ነውና።

ከዚያ ልጆቹን ወደ ለገሃር መውሰድ ነው። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ሆነ በክፍል ውስጥ ያለው የእንጨት ሜትር በትክክል ይገጥመዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሠረገላ በአዲሱ ሐዲድ ሊሄድ አይችልም። ይህን በሜትር የለካ ልጅ አሮጌው የጥገና ሥፍራ፣ የቆሙት ባቡሮችና በዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው ለመጠየቅ ብዙ አይዘገይም። ዛሬ በታች ክፍል ያለው የድሬዳዋ ልጅ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ሲገባ አይቶ አያውቅም፤ አባቱና እናቱ ግን ጥሩምባውን በጆሯቸው ሰምተዋል። እንግዲህ የሚጠይቀውን ሰው ከቤቱ ርቆ መፈለግ አያሻውም።

ከለገሃር ወደ መጋላ ሲሄዱም መንገዱ ራሱ መጽሐፍ ነው። በከዚራ በኩል ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው፤ ባቡሩን የሠሩት ሰዎች በወረቀት ላይ ነድፈው ያስመሩት ነውና። ደቻቱን ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ ይሆናል፤ ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ መንገዱ በኋላ የመጣ ይመስላል። ማን በየትኛው ወገን ይኖር ነበር? ለምን? ልጆቹ እነዚህን ጥያቄዎች በእግራቸው ይጠይቃሉ። መጋላ የሚለው ቃል በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማን የሚያመለክት መሆኑን ሦስቱ ወገን ልጆች አብረው ቢሰሙት፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሠራል።

ይህ ወደ ከተማዪቱ ስም ያደርሰናል፤ ነገሩም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ኦሮሞዎች ድሬ ሜዳ ማለት ነው፣ ዳዋም ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። ሶማሌዎች ደግሞ ዲር የተባለው የነገድ አባት ጦሩን የተከለበት ስፍራ ነው ይላሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ቢጠየቅ ዳዋ በቋንቋው የዱር ቁጥቋጦና አረም ስለ ሆነ በዚያ በኩል ሊገምት ይሞክራል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ትርጓሜ በራሱ ቋንቋ መጽሐፍ ብቻ ቢያስተምር፣ በአንድ ከተማ ሦስት ከተማ ይበቅላል። መምህሩ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ሐሰት ቢል ደግሞ ከክፍሉ ልጆች የከፊሎቹን አባቶች ሐሰተኞች አደረገ። ሁሉም ልክ ነው ብሎ ማለፍም ሌላ ስንፍና ነው፤ ልጁ ከዚህ የሚማረው እውነት የሚባል ነገር እንደሌለ ነውና። የሚሻለው ጥያቄውን ጥያቄ አድርጎ ማቆየት ነው። ልጆቹ ሁሉ ከየቤታቸው የሰሙትን ያምጡ፤ ማን ነገረህ፣ እርሱንስ ማን ነገረው የሚለው ከእያንዳንዱ ትርጓሜ አጠገብ ይጻፍ፤ የአንዱ ቋንቋ ክፍል የሌላውን ይስማ። የዐሥር ዓመት ልጅ ፍርድ መስጠት ላይችል ይችላል፤ ክርክሩ ግን በምን ላይ እንደ ቆመ ማየት ይችላል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው፣ በአሥመራ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው ድርሰታቸው፣ ታሪክ የሚጠቅመው እውነተኛ ሲሆን እንደ ሆነ፣ ጸሐፊውም የተደረገውን የሚያስተውል ልብ፣ ለማንም የማያዳላ ፍርድና የጠራ የአጻጻፍ ችሎታ ሊኖረው እንደሚገባ አመልክተዋል። እኚህ ሰው የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ያገለገሉ ሲሆኑ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። የከተማዪቱ ልጆች ግመልና ባቡር በተገናኙበት ጉምሩክ የሠራ ሰው ስለ ታሪክ እንዲህ ብሎ እንደ ነበር ቢሰሙ መልካም ነው። ሦስቱም ነገሮች በልጅ ልክ ሊሰፉ ይችላሉና፤ አይተህ ንገረን፣ ለወገንህ አታድላ፣ ሰው እንዲገባው አድርገህ ተናገር ማለት ነው።

አለማዳላት የሚፈተነው በመራራው ታሪክ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዪቱ ዳር ደረሰ፤ በነሐሴ ወር በተደረገው ጦርነትም ድሬዳዋ ሳትያዝ ቀረች። በዛሬው ክፍል ውስጥ በዚያ ጊዜ ቤታቸው የተመታባቸው ሰዎች የልጅ ልጆች ከሶማልኛ ተናጋሪዎች ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ይጫወታሉ። እዚህ ላይ መምህሩ የሚመርጠው ቃል ፍርድ ነው። «ሶማሌዎች መጡብን» ካለ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ከሰሰው። «የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር መጣ» ካለ ግን እውነቱን ተናገረ፤ በዚያ ጊዜ በከተማዪቱ ይኖሩ የነበሩ ሶማሌዎችም ያው ጥይት ይወርድባቸው እንደ ነበረ ለማስረዳት መንገዱን ከፈተ። ትክክለኛ ስም መስጠት ለዩኒቨርሲቲ የሚቆይ ጥበብ አይደለም፤ ከታች ክፍል መጀመር ያለበት ነው። ልጅን ከመራራ ነገር ሁሉ እንሰውረው የሚሉ አሉ። ሆኖም ልጁ ነገሩን በሰፈር መስማቱ አይቀርም፤ ትምህርት ቤቱ ዝም ካለ የሚሰማው ወሬውን ብቻ ነው።

የደቻቱ ነገር ከዚህ ይቀላል፤ ጠላት የለበትምና። በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነው ይህ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ከደጋው በወረደ ዝናብ ሞልቶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ልጁ እናቱን ያን ሌሊት የት ነበርሽ ብሎ ይጠይቃት። ሃያ ልጆች ሃያ መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ ውኃው በስንት ሰዓት መጣ በሚለው እንኳ አይስማሙም። አንድን ነገር ያዩ ሰዎች ለምን አንድ ዓይነት እንዳልተናገሩ መነጋገር ከታሪክ ትምህርት ሁሉ የተሻለው አንድ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም በዚህ ዘዴ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልናቃልለው አይገባም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የተናገረውን ሕፃን «በምን ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቁ ነውር ነው፤ ስሕተቱን መግለጥ ደግሞ ከነውርም የባሰ ነው። በዚህ ረገድ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማዪቱ በአንድ የአምስተኛ ክፍል ውስጥ የሆነውን ላውጋ።

መምህርቲቱ ልጆቹ ከየአያቶቻቸው ስለ ባቡሩ የሰሙትን ጠይቀው እንዲመጡ አዝዛ ነበር። አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ የአያቱ አባት በባቡሩ ምድጃ እሳት የሚያነዱ ሠራተኛ እንደ ነበሩና ምኒልክን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ እንዳመጧቸው በኩራት ተናገረ። በሰሌዳው ላይ ግን ከባለፈው ትምህርት የቀሩ ሁለት ዓመታት ተጽፈው ነበር፤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እንዳረፉና ሐዲዱ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. እንደ ገባ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ያመጡት ሬሳቸውን ነው?» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን አለቀሰ፤ የተሳቀው በእርሱ ላይ አልነበረም፤ በአያቱ ቃል ላይ ነበር እንጂ።

መምህርቲቱ በዚያ ቀን ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። በማግሥቱ ለልጁ ሁለት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ወደ አያቱ ላከችው፤ «አባባ፣ ይህን በዓይንዎ አይተዋል? ካላዩስ የነገሩዎት ሰው በትክክል ምን ብለው ነበር?» የሚል ነበር። አረጋዊው መልሱን በልጁ እጅ አልላኩም፤ ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ከልጆቹ ፊት ተቀምጠው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እኔ አላየሁም፤ ገና አልተወለድኩም። አባቴ ያሉኝ ‹ንጉሡ የተሳፈሩበትን ባቡር እሳት አንድጃለሁ› ነው። ምኒልክ ብዬ የጨመርኩት እኔው ነኝ፤ ለእኔ ባቡርና ምኒልክ አንድ ነበሩ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ንጉሡ ማን ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ተከራከሩ። ከፊሎቹ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ለመሄድ በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረዱት ተፈሪ መኰንን ናቸው አሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያ ጊዜ ራስ እንጂ ንጉሥ አልነበሩም፣ ንጉሥ የተባሉት በ1921 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ወደ ስደት የሄዱበት ባቡር መሆን አለበት ብለው መለሱ። ያቺ የቀለደችው ልጅ፣ ሰው በኋላ የተሾመውን በኋላው ማዕርግ ይጠራዋል፤ ስለዚህ ራስም ሳሉ ሊሆን ይችላል አለች። አረጋዊው ክርክሩን እስኪያልቅ አዳመጡ፤ ሲጨርሱም አባታቸው የተወለዱበትን ዓመት ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ልጁ በደብተሩ ላይ የጻፈው ይህ ነው። «ቅድመ አያቴ ንጉሥ የተሳፈሩበትን ባቡር እሳት አነደዱ። የትኛው ንጉሥ እንደ ሆኑ አያቴ አያውቁም። ለአያቴ የነገሯቸው አባታቸው ናቸው፤ ለእኔ የነገሩኝ አያቴ ናቸው።» መምህርቲቱ ከዐሥር ዐሥር ሰጠችው።